ለኅዳር ጽዮን ቱሉ ጉዶ መሄድ፦ ጀልባው፣ ማደሪያውና ስንቁ

የሸገር_እህት

ጤና ይስጥልኝ። የኅዳር ጽዮንን በዓል ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በቱሉ ጉዶ፣ በደብረ ጽዮን ማርያም ለማክበር አስበናል። የምንሄደው አራት ነን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ሜዳ ላይ ችግር የለባትም፣ አቀበት ላይ ግን ጉልበቷ ያስቸግራታል። ታላቅ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ይመጣል፤ ከአገር ከወጣ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ከእኔ ጋር ደግሞ ባለቤቴ አለ።

ጠዋት ተነስተን፣ በዓሉን አክብረን፣ ማታ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ተመልሰን ማደር እንችላለን? ወይስ ደሴቲቱ ላይ ማደር ግድ ነው? ጀልባ ስንከራይ ከመስማማታችን በፊት ምን እንጠይቅ? የደሴቲቱን ሰዎች ማስቸገር ስለማንፈልግ ስንቃችንን ይዘን ነው የምንሄደው፤ ምን ያህልና ምን ዓይነት ይሻላል? ወንድሜ በወባና በብልሃርዚያ በጣም ይሰጋል። አካባቢውን በደንብ የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የባቱ_ወደብ

እህቴ፣ የደርሶ መልሱን ሐሳብ ተዪው። ቱሉ ጉዶ ከባቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ጭነቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ርቀቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው።

ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲመጣ ሞገዱ ቶሎ ይነሳል። አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው የሚደርስ ሞገድ ነው፤ ጀልባዋ ከአንዱ ላይ ሳትወርድ አፍንጫዋ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። ጠዋት ዝም ብሎ የተኛ ሐይቅ ከ5 እና ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው፣ ነፋስ ይነሳበታል። ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ብዙ ጊዜ የሚበርደው ሲመሽ ነው። በጨለማ ደግሞ የዓሣ አጥማጆች መረብም፣ ተንሳፋፊ ፊላም፣ ጉማሬም ስለማይታይ መጓዝ የለባችሁም። ስለዚህ መሄድም መመለስም በጠዋት ብቻ ነው። ሌላው ዕቅዳችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሳ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ኅዳር 19 ባቱ እደሩ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከሞጆ በኋላ በፈጣን መንገዱ መምጣት ትችላላችሁ፣ ካልሆነ ከቃሊቲ መናኸሪያ ትሳፈራላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ኅዳር 20 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ። ኅዳር 21 በዓሉን ውላችሁ እዚያው እደሩ፤ ኅዳር 22 ማለዳ ተመለሱ። ደሴቲቱ ላይ ሁለት ሌሊት ማለት ነው።

አሁን ስለ ጀልባው። ዋጋ ስትነጋገሩ የሙሉ ጀልባ እንጂ የሰው በነፍስ ወከፍ ዋጋ አትነጋገሩ፤ በነፍስ ወከፍ ከሆነ ባለ ጀልባው በዋዜማው ሰው እየጨመረ ይጭናል። ለበዓሉ ብዙ ምእመን ስለሚሻገር በዚያ ቀን ትልቁ አደጋ ከመጠን በላይ መጫን ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ሰውም ዕቃም ከገባ በኋላ ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ ይውረድ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንጭነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ውሃው ዝም ሲል የሚበቃው ጠርዝ ነፋስ ሲነሳ አይበቃም።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ይኑር። ከመቀመጫ ሥር እንደታጠፈ መኖሩን ማየት አይበቃም፤ አውጡት፣ መቆለፊያው መሥራቱን ሞክሩ፣ ልበሱት፣ ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮ ድረስ ከወጣ ትልቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ አልፎ ይወጣል።

ነዳጁን ከጉዞው ዋዜማ፣ ኅዳር 19፣ አረጋግጡ። አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር በመካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 8 ሊትር ያህል ይበላል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 16 ሊትር ለመሄጃ፣ 16 ለመመለሻ፣ 16 ለመጠባበቂያ፤ በጠቅላላው 50 ሊትር ያዙ። ከዚያ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት፣ አምራቹ ሌላ መጠን ካላዘዘ በቀር፣ 1 ሊትር ነው። ዘይቱ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁርና ሞተሩ እየተንተፋተፈ ይጠፋል፤ ሲያንስ ደግሞ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል፣ ያ ሐይቅ መሃል የሚጠገን አይደለም። ማደያዎች በጀሪካን በቀላሉ ስለማይቀዱ ባለ ጀልባው ጠዋት እቀዳለሁ ካለ ጠዋቱ አለፈ ማለት ነው። ከዋዜማው ጀልባው ላይ ተጭኖ እዩት።

በኅዳር ሐይቁ ገና ክረምቱ የሞላውን ውሃ ይዞ ስለሚገኝ ከዳር የተነቀለ ፊላና እምቦጭ ይንሳፈፍበታል። ሞተሩ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ሣር ወይም መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንስቶ፣ በቢላ ቆርጦ ማውጣት ነው። በግድ ሲነዳ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ፒን ይቆረጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም። ሁለተኛው የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያው ይደፈናል። ከሞተሩ ጎን ቀጭን ውሃ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት፤ ከሳሳ ወይም ከቆመ ወዲያው ይጥፋ፣ መሳቢያው ይጠረግ። ስለዚህ የምትጠይቁት ዕቃ ይህ ነው፦ ትርፍ ፒን፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ቢላ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ውሃ መጥለቂያ ባልዲ፣ መልሕቅ ከ20 ሜትር ገመድ ጋር። መልሕቁን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሞተር ሲጠፋ ነፋሱ ጀልባዋን አዙሮ ጎኗን ለሞገድ ይሰጣታል፤ መልሕቅ የተጣለ እንደሆነ ግን አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ለመጠገንም ጊዜ ይገኛል።

ክፍያው ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ስትመለሱ ይሁን። ባለ ጀልባው ከእናንተ ጋር የሚያድር ከሆነ የማደሪያውን ዋጋ ለይታችሁ ተስማሙ። ጥሎ ሄዶ ኅዳር 22 የሚመለስ ከሆነ የእሱ ብቻ ሳይሆን የሌላ ባለ ጀልባም ስልክ ያዙ።

ዲያቆን_ዘመቂ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ በበዓሉ በኩል ያለውን ልጨምር።

ለወንድምሽ ትኬት፦ ኅዳር 21 በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 30 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ዲሴምበር 1 ይሆናል። ሰው በዚህ አንድ ቀን እየተሳሳተ በዓሉ ሲበተን ይደርሳል።

በአካባቢው ትውፊት መሠረት በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው ወደዚህ ደሴት አምጥተዋት ዓመታት ቆይታለች። ደብረ ጽዮን የሚለው ስያሜም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ኅዳር 21 ለዚህ ቦታ የስሙ በዓል ነው።

ማኅሌቱ ኅዳር 20 ማታ ይጀምርና ያድራል። ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚገባ በዚያው ማታ ካህናቱን ጠይቁ። በዓሉ የሚውለው ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 በሚጾመው በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ መርሐ ግብሩ ሊዘገይ ይችላል፤ ዑደቱም ሲጨመር ጸሎቱ ሲያልቅ ነፋሱ ተነስቷል። ለሁለተኛው ሌሊት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚቆርብ ሰው ካለ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ከእህልና ከውሃ መከልከል ስላለበት ጉዞውን፣ ሙቀቱንና አቀበቱን አብራችሁ አስቡ። ለእናትሽ ይህን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በተለይ።

ከጀልባ መውረጃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ አቀበት ነው። እናትሽ ቀድመው ይውጡ፤ ሕዝቡ ሳይበዛ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በየመሃሉ እያረፉ። ታጣፊ ዱካና ምርኩዝ ያዙላቸው። ለማኅሌቱ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ሐይቁ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱም ነፋሻማ ነው፤ ቆላ ነው ብሎ በነጠላ ብቻ የመጣ ሰው ሲነጋ ይንቀጠቀጣል።

ለቤተ ክርስቲያኑ የሚጠቅመው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ለመገበሪያ የሚሆን ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ነው። በፌስታል አታምጡት፤ ጀልባ ላይ ውሃ ይረጫል። ክዳን ባለው ባልዲ አድርጉት። ገንዘብ ከሆነ ለሰበካ ጉባኤው ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በግለሰብ እጅ አታስጨብጡ።

የብራና መጻሕፍት አሉ። ማየት የሚቻለው ኃላፊው ካህን ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆኑ አትጠይቋቸው። ቢፈቀድላችሁ በእጃችሁ አትገልጡ፣ ፍላሽ አታብሩ፤ ቆዳው በላብ ቀለሙም በብርሃን ይጎዳል። ወንድምሽ ድሮን ይዤ ልምጣ ካለም ይቅርበት፤ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል።

ጤና_ባለሙያ

የወንድምሽ ስጋት ትክክል ነው። ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱንም መከላከል ይቻላል።

ብልሃርዚያውን የሚያመጣው ጥገኛ ሐይቁ ዳር፣ ሣርና ፊላ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ያድጋል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታየው እጭ በቆዳ በኩል ገብቶ ነው ሰውን የሚይዘው፤ ውሃውን መጠጣት ግድ አይደለም፣ ቁስል መኖሩም ግድ አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትሞቅ፣ ከረፋዱ እስከ ቀትር ነው፤ ጠዋት ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጀልባ ላይ ከመሃል ሐይቅ የሚረጭ ውሃ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ስትሳፈሩና ስትወርዱ ሣሩ ውስጥ በባዶ እግር ወይም በሰንደል መራመድ ነው፤ በኅዳር ውሃው ገና ሞልቶ ስለሚሆን መውረጃው ራሱ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዳችሁ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ያዙ። ውሃው ከቦቱ አንገት ከበለጠ ጀልባው ሌላ ቦታ ይጠጋ እንጂ አትውረዱ፤ ቦት ውስጥ የገባ የሐይቅ ውሃ ቆዳ ላይ ተኝቶ ስለሚቆይ ከባዶ እግር አይሻልም። ቆዳችሁ ከረጠበ ሳትዘገዩ በፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁ፤ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። መታጠብ ካማራችሁ የፈላ ወይም ከባልዲ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን ከነተከደነ ያደረ ውሃ ተጠቀሙ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ወዲያው መመርመር ትርጉም የለውም። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ስለሚፈጅ የሰገራ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደረግ። ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣ ወንድምሽ ቨርጂኒያ ላለው ሐኪም «ኢትዮጵያ ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር» ብሎ አስቀድሞ ይንገረው፤ እዚያ ያለ ሐኪም ካልተነገረው አያስበውም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተመዝኖ በሐኪም ይታዘዛል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራስ ገዝቶ መዋጥ አይረዳም፤ ያላደገውን ትል በደንብ አይገድለውም።

ወባን በተመለከተ ኅዳር መጥፎ ወር ነው። ክረምቱ ሲያበቃ የቀረው ኩሬ ትንኝ ስለሚያራባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ነው። ወንድምሽ ውጭ ስለቆየ የነበረው የመቋቋም አቅም ካለም ጠፍቷል። ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘለት በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ከመግባቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚታመመው ኋላኛውን ሲያቋርጥ ነው። እናንተም አዲስ አበባ ስለምትኖሩ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ናችሁ፤ «እኛ ለምደነዋል» አትበሉ።

አጎበር በሰው አንድ ያዙ፤ ከአራት ሜትር ሲባጎና ጥቂት ሚስማር ጋር፣ ማንጠልጠያ ላይገኝ ይችላል። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ክተቱት። ማኅሌት ላይ ስታድሩ አጎበር ስለማይኖር ያን ሌሊት ካልሲ፣ ረጅም እጅጌና የትንኝ ቅባት ያስፈልጋል፤ ነጠላው ስስ ስለሆነ ከላዩ ይናደፋል። ከሳምንት በኋላ፣ ከወራትም በኋላ ቢሆን፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ደም ይመርመር።

የመጠጥ ውሃ ከባቱ ይዛችሁ ግቡ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር፤ ለአራት ሰው ለሁለት ቀን 24 ሊትር፣ ነፋስ ቢያስቀራችሁ ደግሞ 12 ሊትር ትርፍ። ስድስት ባለ 2 ሊትር የያዘው እሽግ ሦስት ይበቃል። የሐይቁ ውሃ ደፍርሶ ስለሚገኝ ለማብሰያ ስትጠቀሙ አስቀድሞ ይጥለል፣ ከዚያ በደንብ ይንተክተክ፤ በዚያ ከፍታ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ ኬሚካል አያጠፋም። ለመጠጥ ካመጣችሁት ጋር መቆየት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

የሸገር_እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሦስት ነገር ልጨምር። ቤተሰቡ ሁሉ መሄድ ከፈለገ ለበዓሉ ይሻላል ወይስ ሕዝቡ ከተመለሰ በኋላ? እናቴ እንዴት ከጀልባ ትወርዳለች? ደግሞስ ኅዳር 22 ጠዋት ነፋሱ ባይቆምስ?

ዛይ_ወዳጅ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ እንደ ዓላማችሁ ይለያያል። በዓሉን ከፈለጋችሁ ከኅዳር 20 እስከ 22 ሌላ ምትክ የለውም። ደሴቲቱን ማየት ከሆነ ዓላማችሁ ግን ሳምንት ቆይቶ መሄድ ይበልጣል፤ ጀልባ አይጨናነቅም፣ ሰውም ከእንግዳ ፋታ ያገኛል። እናትሽ የመጡት ለጽዮን ስለሆነ በበዓሉ ሂዱ፤ ግን የሰዎቹን ቤት እንደ ሆቴል አትቁጠሩት።

የሐይቁ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ዛይኛ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ብዙዎቹ ኦሮምኛና አማርኛም ይናገራሉ። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ሰው የሚኖርባቸው ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻና ፉንዱሮ ናቸው፤ ገሊላና ደብረ ሲና በዋናነት በቤተ ክርስቲያናቸው ይታወቃሉ። የእርሻ መሬት ስለጠበበ ብዙ ዛይ ወደ ሐይቁ ዳርቻና ወደ ከተሞቹ ወጥቷል። በበዓሉ ቀን ይህ ሁሉ ዘመድ ይመለሳል። እያንዳንዱ ቤት ይሞላል ማለት ነው፤ እናንተ አራት ሰው ሳትነግሩ ብትደርሱ አስተናጋጁ አያባርራችሁም፣ የራሱን መደብ ለቆ ውጭ ያድራል። ይህ እንዳይሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በሰበካ ጉባኤው ወይም በቀበሌው በኩል አስነግሩ፤ ድንኳንም ይዛችሁ ሂዱ።

ድንኳኑን ውሃ ዳር አትትከሉ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘን ሰው ነው የሚያጠቃው። ትንኙም እዚያው ነው። ከቤቶቹ አጠገብ ከፍ ብሎ፣ ባለ ቤቱን አስፈቅዳችሁ ትከሉ። በማታ ወደ ሐይቁ አትውረዱ፤ ግድ ከሆነ ከአገሬው ሰው ጋር፣ ባትሪ አብርታችሁ።

ተዳፋቱ በድንጋይ እርከን የተያዘ ነው። በኅዳር ሰብሉ አጨዳ ላይ ይሆናል፤ አቋራጭ ብላችሁ እርከኑን አትውጡት። አንድ ድንጋይ ከተነቀለ ቀጣዩ ዝናብ በዚያ ሽንቁር ገብቶ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፤ ባዶ መሬት በሌለበት ደሴት ያ አፈር የሚተካ አይደለም። በእግር መንገዱ ብቻ ሂዱ።

ስንቁን በተመለከተ፦ ጾም ስለሆነ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የነካው ነገር አይገባም፤ ከሱፐርማርኬት የምትገዙትን ብስኩትም አንብቡት፣ ወተት ያለበት ይበዛል። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ አስተናጋጁ ካላቀረበ አትጠይቁ። ለአራት ሰው ለሁለት ቀን 24 እንጀራ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ ምስር፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ በሶ አንድ ኪሎ፣ ቆሎ ሁለት ኪሎ ይበቃል። እንጀራውን በትኩሱ ፌስታል ውስጥ አትጠቅልሉት፤ ላቡ ተመልሶ ያረጥበውና በዚያ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። በደንብ አቀዝቅዛችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከ24ቱ ስድስቱን ድርቆሽ አድርጋችሁ ያዙ፣ አንድ ቀን ብትጨምሩ እሱ ይይዛችኋል። ማገዶ እዚያ ውድ ነገር ነው፤ ግማሽ ኬሻ ከሰል ወይም አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ግቡ።

ለአስተናጋጆቹ ቡና አንድ ኪሎ፣ ስኳር ሦስት ኪሎ፣ ጨው፣ ሳሙናና የምግብ ዘይት ስጡ፤ ለቤቱ እመቤት በእጃቸው። ልጆች ሲከቧችሁ ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ካመጣችሁ ለመምህሩ ስጡት፣ እሱ ያከፋፍለዋል። ዛይ በሽመና የታወቁ ስለሆኑ የምትገዙት ካማራችሁ ጋቢ ወይም ነጠላ ከሸማኔው ከራሱ ግዙ። የሽመና ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቃችሁ ከዚያ ዋጋውን ብትሰሙ የምትከራከሩበት ምክንያት አይኖርም። ዘርዘር ያለ ብር ያዙ፤ ቴሌብር ያለ ኔትወርክ አይሠራም። ፓወር ባንክ በሰው አንድ። የፕላስቲክ ጠርሙሱንና ቆሻሻውን ሁሉ በጆንያ መልሳችሁ ባቱ አምጡት፤ ደሴት ላይ የሚወስደው የለም፣ የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው።

የባቱ_ወደብ

ስለ እናትሽ፦ ጀልባ ላይ አፍንጫዋ በኩል አያስቀምጧቸው። ፊተኛው ክፍል በየሞገዱ ተነስቶ ይወድቃል፤ ለወገብና ለጉልበት ክፉ ነው። ከመሃል ወደ ኋላ፣ ለወለሉ ቀረብ ባለ ዝቅተኛ መቀመጫ፣ ከሥራቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይቀመጡ። የያዛችሁት 36 ሊትር ውሃ ብቻውን 36 ኪሎ ነው፤ ከሌላው ከባድ ዕቃ ጋር ወለሉ ላይ መሃል ላይ ይደርደር፣ አንድ ጎን አይከመር።

ሲወርዱ ሞተሩ ይጥፋና ወደ ላይ ይነሳ። ሁለት ሰው ቀድሞ በቦት ይውረድ፤ አንዱ አፍንጫዋን ይያዝ፣ ሌላው ከጎን ይቁም። ከጠርዙ ላይ ማዘለል የለም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ሳንቃ ከባቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ጫፍ ጀልባው ላይ፣ ሌላው ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ሰው ረግጦ ይዞት፣ እናትሽ እጃቸውን ተይዘው በዝግታ ይሻገራሉ። ሳንቃው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሉበት፣ እርጥብ እንጨት ያንሸራትታል። ሲሳፈሩም በዚያው መንገድ ነው። ሌላው ተሳፋሪ በሙሉ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው ሲሻገር ሁሉም ከተነሳ ጀልባዋ የምትጋደለው ያኔ ነው።

ኅዳር 22 ጠዋት ነፋሱ ካልቆመ አትነሱም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍ ብላችሁ ሐይቁን እዩት። ሞገዱ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ከታየ ቆዩ። ደሴቲቱ ራሷ ነፋሱን ስለምትከልል በመውረጃው በኩል ያለው ውሃ ዝም ብሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ መታየት ያለበት ከደሴቲቱ ጥላ ውጭ ያለው ነው። እስከ 3 ሰዓት ካልበረደ ያን ቀን ተዉት፤ ነፋሱ ከዚያ በኋላ እየበረታ ነው የሚሄድና። ለዚህ ሲባል ወንድምሽ የመመለሻ በረራውን ከኅዳር 25 በፊት አይያዝ።

ለዚያ ለሚጨመረው ሌሊት የባለ ጀልባውን ክፍያ ባቱ እያላችሁ፣ ቀብዱን ስትከፍሉ፣ ተስማሙበትና በወረቀት ጻፉት። መቆየቱ የማይከፈለው ባለ ጀልባ ኅዳር 22 ጠዋት ነጭ አረፋ እያየም «ይቻላል፣ እንሂድ» ይላችኋል።